የመጀመሪያው እሑድና የመጨረሻው እሑድ

ሮም ውስጥ በአንድ ትንሽ የጉዞ ወኪል በአስተባባሪነትና በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ይዤ ነበር። ከፍራንክፈርት አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን ለሁለት ቀን መጡ። ወላጆች ከነልጆቻቸው ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። እማማ ከዚህ ሁሉ ከተማ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሚካኤል አንጄሎ በቫቲካን ሲስቲን ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ የሳለውን የመጨረሻውን ፍርድ። «የምጽአቱን ሥዕል» ይሉታል። «እሱን ካየሁ ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም» ብለውኛል፤ ቅዳሜ ፓንቴዮንና ትሬቪ ስንዞርም ሐሳባቸው እሱ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት የቫቲካንን ግንብ ይዘን ወደ ሙዚየሞቹ መግቢያ ወጣን። ሰልፍ የለም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ግን ጉልበቴ ተብረከረከ፤ መግቢያ ነፃ በሆነበት ቀን እዚያ ግንብ ሥር ሰው የማይሰለፍበት ምክንያት አንድ ብቻ ነውና። በሩ ተዘግቷል።

የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ አይከፈቱም። የሚከፈቱት በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን በነፃ ያስገባሉ፣ ከቀኑ 6፡30 በኋላ ግን የሚገባ የለም። የጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች፣ ኮሎሲየምም ጭምር፣ ነፃ የሚሆኑት ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ቫቲካን ራሱን የቻለ አገር ነው፣ የራሱ ሕግ አለው። እኔ ሁለቱን በማስታወሻ ደብተሬ አንድ መስመር ላይ «እሑድ ነፃ» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። የዕለቱ እሑድ የመጀመሪያው ነበር። በነፃ እንገባለን ብዬ ትኬት ስላልገዛሁ ስህተቴን የሚጠቁመኝ ወረቀት እንኳ አልነበረም።

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። «ድንገት ዘግተውት ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እማማን አየኋቸው፣ ዋጥኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀኑን ሳላጣራ አመጣኋችሁ» አልኩ። አንደኛው አባት ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። እማማ «በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በኩል አያስገባም?» ብለው ጠየቁኝ። አያስገባም። ወደ ሲስቲን ጎብኚ የሚገባው በሙዚየሞቹ ውስጥ አልፎ ነው።

በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረድን፤ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይ እዚያው ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ተወስዶ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆመው እዚህ ነበር። ሃያ አራት ሜትር ድንጋይ! በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ልጆቹ ዙሪያውን አዩ፤ የሚታይ ሐውልት የለም። ያ የተቆጣው አባት ነው ያስረዳቸው፦ በ1960 በሮም ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ በምሽት ባዶ እግሩን ሮጦ እዚህ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ እንደሄደ። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እስከጨረሰበት ድረስ፣ ልጆቹ ከፊት እየሮጡ ሄድን። ቅስቱ አጠገብ ኮሎሲየም አለ፤ የዚያ ቀን ነፃ እሱ ነበር።

ያ መንገድ በመጀመሪያው ፕሮግራሜ ውስጥ አልነበረም። ሐበሻ ይዤ ሮምን ሳስጎበኝ እንዴት እንደዘለልኩት እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ አስገባዋለሁ።

እማማ ግን ቅስቱን ትንሽ አይተው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እጄን ይዘው «ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፤ ሳይፈቀድልኝ ቀርቶ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ የሚሄዱት ገና ሳይነጋ ነው፤ ሙዚየሙ ሲከፈት አውሮፕላን ላይ ናቸው።

አሁን በደብተሬ ቫቲካን የራሱ ገጽ አለው። ቡድን ከመምጣቱ በፊት የወሩን እሑዶች በጣቴ እቆጥራለሁ፣ የመክፈቻ ቀኑን ከሙዚየሞቹ ከራሳቸው መረጃ አያለሁ፤ በዋዜማው ደግሞ ከሥራ ስወጣ በዚያ ግንብ ሥር ሄጄ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። የእማማን የልጅ ልጅ ስልክ ይዣለሁ። እንደገና ሲመጡ እኔ ነኝ የምወስዳቸው ብያታለሁ፤ በማክሰኞ።