ጀጎል ውስጥ 50 ሚሊ አይበቃም

የጓደኛዬ እህት ሰርግ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤቱ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው፣ የድሮ የአደሬ ቤት፣ ሴቶቹ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሰራው መቀመጫ) ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው፣ እኔ ደሞ ያገለገለች ሶኒ ኤ6000 ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ሌንስ ገጥሜ ወደኋላ ሄድኩ ሄድኩ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ፣ ፍሬሙ ውስጥ የገቡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሙሽራዋ ከናቷ ጋ ያለችበትን ፎቶ ያጣሁት በዛ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለጀማሪ "መጀመሪያ 50 ግዛ" የሚባለው ምክር የመጣው ከፊልምና ከፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የፊልሙን ያህል ከሆነ ካሜራ) ነው። እኛ በአቅማችን የምንገዛቸው አብዛኞቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ግን ሴንሰራቸው አነስ ያለ ክሮፕ ነው፣ ሶኒ፣ ፉጂ፣ ኒኮን ላይ በ1.5 ስታባዙት 50ው እንደ 75 ይሆናል፣ ካነን ላይ ደሞ 80። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ የሚያየው ቦታ ይጠባል። በሜትር ላስረዳችሁ፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ 50ው የሚይዘው ወርድ 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ነው፣ 30 ሚሊ ግን 2 ሜትር ከ30 ይይዛል። የጀጎል መንገድ ላይ፣ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ ይቺ ልዩነት ሁሉ ነገር ናት።

ስለዚ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፦ ካሜራው ይዞት የመጣውን ኪት ሌንስ 35 ላይ አድርጉና ዙሙን ሳትነኩ አንድ ሳምንት አንሱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት 24 ላይ። የትኛው እንደሚጠባችሁ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።

ፕራይም (ዙም የሌለው ሌንስ) ለምን ካላችሁ ለኔ መልሱ ብርሃን ነው። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይጨምራል፣ ኪት ሌንሱ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፣ ኤፍ 1.8 ከዛ ወደ 10 እጥፍ ኤፍ 1.4 ደሞ 16 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አሁን ያለኝ ሲግማ 30 ኤፍ 1.4 ነው፣ ማታ ጅብ ሲመገብ በኤፍ 1.4፣ በ1/125 ሰከንድ ሹተር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ አንስቼ የጅቡ አይንና የሚያበላው ሰውዬ እጅ ጥርት ብሎ ወጣልኝ። ግን ሌንሱም ካሜራዬም እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ ነገር የላቸውም፣ ስለዚ ሹተሩን ከ1/60 ሰከንድ አላወርድም።

ያገለገለ ስትገዙ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ከፍታችሁ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ ተዉት። ትንሽ አቧራ ግን ፎቶ ላይ አይታይም፣ አትፍሩት፣ እኛ አገር አቧራ የሌለበት ሌንስ ከየት ይመጣል። ብር በጣም ካጠረ የቻይና ማንዋል ሌንሶች አሉ፣ ሰቨን አርቲሳንስና ቲቲ አርቲሳን የሚባሉት፣ ፎከሱን በእጅ ነው የምታዞሩት፣ ለመንገድና ለቤት ይሆናሉ፣ ለሚሯሯጥ ልጅ ግን ይከብዳል። ለሰርግ ስራማ ኦቶ ፎከስ ያለው ግዙ፣ ሁለት ወር መቆጠብ ቢሆንም።

50ውን ለድሬዳዋ ልጅ ሸጥኩለት። እሱ ፖርትሬት የሚያነሳው ከዚራ ነው፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ጥላ፣ እንደልቡ ወደኋላ ይሄዳል። የላከልኝን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ፣ በጣም ያምራሉ።