ዶር ሀቦኒም፦ ዳገት የሌለው የባሕር ዳርቻ መንገድ

የዛሬው መንገድ እስራኤል ውስጥ፣ ከሃይፋ በስተደቡብ ነበር፣ ዶር ሀቦኒም ጥብቅ ሥፍራ፤ መኪና በ4 ቁጥር መንገድ ይገባል። ከሀቦኒም ማቆሚያ እስከ ቴል ዶር፣ የጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው መመለሻውን አይቆጥርም፤ ደርሶ መልስ ግን እጥፍ ነው። ልጅ የያዘ የዛጎል ሰላጤ ድረስ ሄዶ ቢመለስ ይበቃዋል። ዛጎሉ እዚያው ይቅር፣ ከጥብቅ ሥፍራ አይወሰድም።

ጫማ ላይ አትቀልዱ። ኩርካር የሚባለው ድንጋይ በኖራ የተጣበቀ አሸዋ ነው፤ ማዕበል ሲቦረቡረው ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል፣ ነጠላ ጫማ አይችለውም። አረንጓዴ አልጌ የለበሰው ደግሞ ያንሸራትታል፣ በተለይ ውኃው አጠገብ። ሰማያዊው ዋሻ ጋ ማዕበል ካለ ከላይ አይቶ ማለፍ ነው፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሎ ድንገት አንድ ትልቅ ሞገድ ይልካል።

ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ በበጋ ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር ውኃ፣ መነሻውም ማለዳ።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አሸዋው ላይ ሀቫጸለት ሀሆፍ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አበባ ያብባል፣ ነጭና መዓዛው የሚጣራ። አመሻሽ ላይ ተከፍቶ ሌሊቱን ስለሚያድር፣ በቀትር የመጣ ጠውልጎ ነው የሚያገኘው። መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው።