ከቀስት በፊት ተራ ቁጠሩ፦ የናፖሊዮን ዘመን የጠረጴዛ ውጊያ ዕቅድ

በትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ በየተራ በሚካሄድ የውጊያ ጨዋታ፣ ጥቃቱን ለማሳየት ካርታ ላይ ቀስት መሳል ደስ ይላል። ጨዋታውን የሚወስነው ግን የተራ ቁጥር ነውና መጀመሪያ ሜትር አንሱ። ጠረጴዛው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሁለቱም ወገኖች ከየጠርዛቸው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢሰለፉ፣ መሀል የሚቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በያዛችሁት ደንብ በአምድ (ጠባብና ጥልቅ በሆነ ሰልፍ) የሚጓዝ እግረኛ በአንድ ተራ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ በሦስተኛው ተራ ጠላት አፍንጫ ሥር ይደርሳል። መድፉ ጠላትን ለማመናመን ያገኘው ሁለት ተራ ብቻ ነው፤ አይበቃም። እግረኛውን ሁለት ተራ ያህል አቁሙት።

መድፉን ከአጥቂው ብርጌድ ኋላ ካስቀመጣችሁት የገዛ ወገናችሁ ይጋርደዋል። ከጥቃቱ መንገድ ወጣ ብሎ በሰያፍ ቢተኩስ እስከ መጨረሻው አይዘጋበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፈረሰኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሎ ላይ የናፖሊዮን የጦር አዛዥ ማርሻል ኔይ ፈረሰኛውን ደጋግሞ ሲልክ በቂ እግረኛና መድፍ አላስከተለም፤ የተቃራኒው አዛዥ የዌሊንግተን አራት ማዕዘኖችም (እግረኛ ፈረሰኛን ለመከላከል በአራቱም ጎን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ የሚሠራው ሰልፍ) አልተሰበሩም። ጠረጴዛ ላይ የፈረሰኛ ትልቁ ጥቅም መቆሙ ነው። ጋልቦ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት አምጡትና አቁሙት። ጠላት ፈርቶ አራት ማዕዘን ይሠራል። ያኔ በአንድ ጎን የሚተኩሰው ከጠመንጃው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፤ ተጠጋግቶ ስለቆመም ለመድፍ የተመቸ ዒላማ ይሆናል። መድፉ ሁለት ተራ ይደብድበው፣ ከዚያ በመስመር የተዘረጋ እግረኛ ይቅረበው። ፈረሰኛው የሚጋልበው አራት ማዕዘኑ ሲፈርስ ነው። ያኔም አንድ ክፍል ወደኋላ አስቀሩ፤ ያሸነፈ ፈረሰኛ ልጓም አይዝም፣ እያሳደደ ሄዶ ደክሞ የጠላት ሁለተኛ መስመር ፊት ይገኛል።

ተጠባባቂው ከጦሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን። ከግንባር 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከቆመ ሦስት ተራ ይፈጅበታል፣ ሲደርስም ነገሩ አልቋል። ከሁለት ተራ ጉዞ አይራቅ፤ በፊት ሻለቆች መሀልም አንድ አምድ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተውለት።

ሁሉም ሰው የናፖሊዮንን የአውስተርሊትዝ ድል መድገም ይወዳል፦ የራስን ቀኝ ክንፍ አመናምኖ ጠላትን ማማለል፣ ከዚያ መሀሉን መምታት። የሚረሳው እ.ኤ.አ. በ1805 ያ የሳሳ ክንፍ የጎልድባክን ጅረት፣ የቴልኒትዝንና የሶኮልኒትዝን መንደሮች ይዞ እንደነበር ነው። የናፖሊዮን ማርሻል የዳቩም ጦር 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን ገስግሶ ደርሶለታል። ባዶ ሜዳ ላይ የተተወ ክንፍ ማማለያ አይሆንም፣ ይበላል እንጂ። ቢያንስ አንድ መንደር ስጡት፤ ረዳቱ በስንተኛው ተራ እንደሚደርስም ቆጥራችሁ ጻፉ።

ትእዛዙን ለየብርጌዱ በወረቀት አስፍሩት፦ «መንደሩ ሲያዝ፣ ካልሆነም በ5ኛው ተራ ተነሣ»። ደንባችሁ ትእዛዝ መድረሱን በዳይስ የሚወስን ከሆነ፣ ሁለት ብርጌዶች አብረው የሚፈጽሙት ማንኛውም ነገር ላይ አንድ ተራ ጨምሩ።