የጋዝ ማሞቂያ ገጣሚ ሥራ ከክፍሉ ይጀምራል

የጋዝ ማሞቂያ ሊገጥም የመጣ ባለሙያ መፍቻና ቴፍሎን (የማያያዣ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ማሸጊያ ጥብጣብ) ከማውጣቱ በፊት ሜትር አውጥቶ ክፍሉን ይለካ። የላላ ማያያዣ ቢያንስ ይሸታል፤ አየር ያጠረው ክፍል ግን ምንም ምልክት አይሰጥም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 4 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ በፕሮፔን (አንዱ የሲሊንደር ጋዝ ዓይነት) ሲሠራ በሰዓት 300 ግራም ያህል ጋዝ ያቃጥላል። ለዚህ ቢያንስ 4 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈልጋል፣ ግማሽ ሊትር የሚሆን ውሃም በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ጭስ ማውጫ ከሌለው ይህ ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ኦክስጅኑ እየቀነሰ ሲሄድ እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ መሥራት ይጀምራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይያያዛል። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይገባም የሚባለው ለዚህ ነው። ደንበኛው «መስኮት እከፍታለሁ» ቢል እንኳ አይበቃም፤ በብርድ ሌሊት ማን ይከፍታል? የሚያስፈልገው የማይዘጋ ቋሚ የአየር ቀዳዳ ነው፣ ስፋቱም በማሞቂያው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ።

ቀጥሎ የጋዙ ዓይነትና ግፊቱ የተጻፈበትን የማሞቂያውን ሰሌዳ ማንበብ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራው ብዙውን ጊዜ በ20 ሚሊባር ግፊት ይሠራል፣ የሲሊንደር ጋዝ የሚጠቀመው ደግሞ እንደ ጋዙ ዓይነት በ30 ወይም በ37 ሚሊባር አካባቢ። ጋዙ ወደ እሳቱ የሚረጭበት ኖዝል ቀዳዳም ይለያያል፤ የሲሊንደር ጋዝ ኖዝል ጠባብ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ኖዝል ባለበት ማሞቂያ ላይ ሲሊንደር ከተቀጠለ እሳቱ ረዝሞ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያመጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይበዛል። ኖዝል በመሰርሰሪያ ማስፋት ወይም በመርፌ መጎርጎር ጥገና አይባልም። ከአምራቹ የሚገኝ ትክክለኛ ኖዝል ከሌለ ማሞቂያው አይገጠም።

በማያያዣዎቹ ላይ ብዙ የሚሳሳቱት ቴፍሎን በየቦታው በመጠምጠም ነው። ቴፍሎን የሚገባው ሾጣጣ ጥርስ ላይ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጥርስ ባዶ ይተዋል፣ አለበለዚያ ብጣሹ ገብቶ ቫልቩን ይወትፋል። ጫፉ እንደ መለከት የተከፈተ የመዳብ ቱቦ ላይ ግን ምንም አይደረግም፤ እዚያ የሚያሽገው ብረት ለብረት መገናኘቱ ነው። ሲጠብቅ በሁለት መፍቻ ይሁን፤ አንዱ ካልያዘ የማሞቂያው ቫልቭ ራሱ ይጠመዘዛል። የጎማ ቱቦ ከሆነ የተጻፈበት ቀን ይነበብ፣ በግድግዳ ውስጥ አይለፍ፣ ከማሞቂያው ጀርባ አይዙር።

ፍተሻው በሳሙና አረፋ ብቻ አያልቅም። የግፊት መለኪያው ማኖሜትር ጋዙ እያመለጠ መሆኑን ይናገራል፣ አረፋው ደግሞ የት እንደሆነ ያሳያል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መስመሩ ግፊት ከያዘ በኋላ መግቢያው ይዘጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋል፣ ከዚያ ንባቡ ይታያል። ከወረደ ማያያዣዎቹ አንድ በአንድ በአረፋ ይፈተሻሉ። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይሞከርም። ከዚያ እሳቱ ሙሉ ሆኖ ሲነድ ግፊቱ እንደገና ይለካል። ተዘግቶ ሳለ ጥሩ ንባብ የሰጠ መስመር ሲነድ ብዙ ከወረደ ቧንቧው ቀጥኗል ወይም የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር አቅም አንሶታል።

ጭስ ማውጫ ላለው ማሞቂያ ወሳኙ ፈተና ክፍሉ በከፋ ሁኔታው ላይ ሳለ የሚደረገው ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፣ የወጥ ቤቱም የመታጠቢያ ቤቱም ፋን በሙሉ ኃይል ይከፈታል፣ ማሞቂያው 10 ደቂቃ ያህል ከነደደ በኋላ የሚጨስ ነገር ወደ ጭሱ መውጫ ከንፈር ይጠጋል። ጭሱ ወደ ማውጫው ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ፋኑ አየሩን እየቀማ ነው ማለት ነው፤ መስኮት ከፍቶ የፈተነ ገጣሚ ይህን ፈጽሞ አያየውም።

የእሳት መጥፋት መከላከያውም ይፈተን። እሳቱ ሲጠፋ በሙቀቱ ቫልቩን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ቴርሞካፕል ይቀዘቅዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ደቂቃ ውስጥ ቫልቩ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል። ቫልቩ እንዳይዘጋ የማብሪያ ቁልፉ በሽቦ ታስሮ የተገኘ አሮጌ ማሞቂያ ወዲያው ከአገልግሎት ይወጣል። ሲሊንደሩም ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይተኛ፣ ምድር ቤትም አይቀመጥ፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

በርክክብ ጊዜ የተለኩት ግፊቶች፣ የኖዝሉ ቁጥርና ቀኑ ተጽፈው ለባለቤቱ ይሰጣሉ፣ መመሪያውም ከቤቱ አይወጣም። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ዘግቶ ይየው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይገጠም፤ የአየር ቀዳዳን ግን አይተካም። ከፈተናዎቹ አንዱ ከወደቀ ጋዙ ተዘግቶ ማሞቂያው ይፈታል፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይሰጣል፣ «ለዛሬ ማታ ብቻ ይንደድልኝ» ቢባልም።