ትራምፖሊኑ እና የእትዬ በርበሬ

አዳማ ውስጥ ዕቃ ማግኘት እንጂ መጣል ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ለአሮጌ ዕቃ አንድ ጥቅም ያገኝለታል። የእኛው ጉድ ግቢያችን መሃል ለዓመታት የተጎለተው ትራምፖሊን ነው፤ ያ ብረት ላይ በሞላ የተወጠረው የመዝለያ ጨርቅ። የባለቤቴ ወንድም ቅዳሜና እሁድ ልጆች እያዘለለ ሳንቲም ይለቅምበት ነበር፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ «ለጊዜው እናንተ ጋ ይቀመጥ» ብሎ አመጣው፣ በዚያው ቀረ። ልጆቻችን ዘለሉበት፣ የሰፈሩ ልጆች ዘለሉበት፣ ዶሮዎች ጥላውን ወረሱት። ፀሐዩ ጨርቁን አነጣው፣ ሞላዎቹ ዛጉ፣ ልጆቹም አድገው ስልክ ያዙ።

እንዲህ ተዋርዶ ቀረ እንጂ ነገሩ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። የገባውም በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ነው፤ እኛ በደራርቱና በኃይሌ ወርቅ ስንጨፍር፣ በዚያው ሰሞን ሌሎቹ እዚህ ነገር ላይ እየነጠሩ ሜዳሊያ ይወስዱ ነበር። ይህን ለቁራሌው ነገርኩት፣ ዋጋ ይጨምር እንደሆነ ብዬ።

«ጋሼ፣ ኦሎምፒኩን ይተዉት» አለና ብረቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «ቱቦ እኮ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው።»

«የምትገዛው በሚዛን አይደል እንዴ? ባዶው ምን ይመዝንብሃል?»

«ለመሸከም ግን ቦታ ይይዛል» ብሎ አንድ ሰማያዊ ሳፋ አቀረበልኝ። ደህና ሳፋ እንኳ አይደለም፤ የእግር መታጠቢያ። አባረርኩት።

ለካ ድርድሩን ጎረቤታችን እትዬ ከአጥር ወዲያ ሆነው ይከታተሉ ኖሯል። «ምን ነካህ ልጄ? ይሄን የመሰለ አልጋ ለቁራሌ? በርበሬዬን ላስጣበት እንጂ!»

ሐሳቡ ግሩም ነበር። ከመሬት ከፍ ስላለ አቧራ አይነካውም፤ ጨርቁም ወንፊት ቢጤ ስለሆነ ዛላውን አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ግን እትዬ «ፍሬው እንዳይንጠባጠብ» ብለው ላስቲክ አነጠፉበት። ያኔ ትራምፖሊኑ የጀልባ ሸራ ሆነ።

የአዳማን የበጋ ነፋስ ለማታውቁ፦ ከከተማችን ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት ተርባይኖች ለጌጥ አይደሉም። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የተባለላቸው በዚሁ ነፋስ ተማምነው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ላይ ሳለን መጣ። መጀመሪያ ላስቲኩ ተንሿሿ። ከዚያ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ጨርቁን ወደ ላይ ገፋው፤ ሞላዎቹ መልሰው ሳቡት፤ ደግሞ ገፋው፣ ደግሞ ሳቡት። ይሄ ጨርቅ ዕድሜውን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሲያነጥር የኖረ ነው፤ በርበሬውንም አነጠረው። የዓመቱ ዛላ ብድግ ብሎ ሰማዩን አቀላው፣ አጥሩን ተሻግሮ ኮብልስቶኑ ላይ ወረደ። ትራምፖሊኑም ሊከተለው ተነሳ፤ ግን ቆርቆሮው አጥር ላይ እግሮቹን ሰቅሎ ቀረ።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። ባጃጆች መጡ። የደረቀ ዛላ በባጃጅ ጎማ ሲፈጭ ምን እንደሚሆን፣ በርበሬ ወፍጮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ይገምተው። ባለባጃጁ አስነጠሰ፤ ተሳፋሪዋ «ይማርህ» ልትል አፏን ስትከፍት እሷም አስነጠሰች። ባለሱቁ አስነጠሰ። ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ አስነጠሰች። ሰፈሩ በሙሉ ይማርህ፣ ይማርሽ ሲባባል፣ በፍሳሽ ቦይ ጉዳይ ከተኳረፍን የከረምን ጎረቤት እንኳ «ይማርህ» አለኝ። ከዚያ ኩርፊያው ትዝ አለውና ፊቱን አዞረ።

እትዬ ብቻ አላስነጠሱም። መጥረጊያና ማዳበሪያ ይዘው መንገዱ መሃል ቆመዋል። «ወዴት ነው የምታልፈው? በርበሬዬ ላይ ነህ እኮ!»

ቁራሌው ወሬው ደርሶት ተመለሰ። አሁን ሳፋውም ቀርቶ ጆግ ሆኗል፤ «ጠሟል» አለኝ ብረቱን እያሳየ። እውነትም ጠሟል። አብሮት የመጣው ልጅ ሞላዎቹን በፒንሳ እየጎተተ ነቀላቸው፤ አንዱን ከዚህ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከፊት ለፊቱ። በአንድ ወገን ብቻ ከተነቀለ የቀረው ተወጥሮ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል አለኝ። ጨርቁን ግን አልፈልግም ብሎ ጣለልኝ፤ አሁን የዶሮዎቹ ቤት ጣሪያ ነው። ጆጉን እትዬ የበርበሬ ካሳ ብለው ወሰዱት፤ አልተከራከርኩም።

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ጠሩን። ወጡ ያው የታወቀው የእሳቸው ወጥ ነው፣ ቀለሙ እንኳ ያጠግባል። ግን ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ጥርሴ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም ማኘክ አቁማለች።

«ኮረሪማ ነው» አሉ እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሌላ ጉርሻ እየጠቀለሉልኝ።