ቼን ጂቶንግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት

ማታ ማታ ፈረንሳይኛ የምማርበት ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ደራሲ አሥር ገጽ ጽፋችሁ ኑ ተባልን። አብዛኛው ሰው ቪክቶር ሁጎን ያዘ። እኔ ቼን ጂቶንግን መረጥኩ። ፓሪስ የነበረ የቻይና ዲፕሎማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ አገሩ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ «ቻይናውያን በራሳቸው ሲሳሉ» እንደማለት ነው። ፈረንጅ ስለ አገራችን የጻፈውን እያነበብኩ ስላደግሁ፣ ርዕሱ ብቻ ልቤን ወሰደው።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ባከነብኝ። የዘመኑን ጋዜጦች ዛሬ በሚታወቅበት ስም ብፈትሽ ምንም የለም። ለካ ያኔ ፈረንሳዮች «ቼንግ ኪ ቶንግ» ብለው ነበር የሚጽፉት። በዚያ ስሞክር ጎረፈልኝ። የድሮ ሰው ስትፈልጉ ስሙ በዘመኑ እንዴት ይጻፍ እንደነበር አስቀድማችሁ አጣሩ።

መጽሐፉ ይጣፍጣል። ቤተሰብን፣ ጋብቻን፣ ትምህርትን እያነሳ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ያወራል። አራት ገጽ ሙሉ አሞገስኩት። ዓመቶቹን ጎን ለጎን የጻፍኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ፈረንሳይኛ የተማረው ቻይና ውስጥ፣ ፉጆው ከተማ፣ በመርከብ ማምረቻው ትምህርት ቤት፣ ከፈረንሳውያን መምህራን ነው። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በኦገስት፣ የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ያንኑ ማምረቻ በመድፍ ደበደቡት።

ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ። ጨዋነቱ አሁን ሌላ ሆኖ ታየኝ። አገሩን በሚወጉ ሰዎች ከተማ ተቀምጦ ስለ እናቱ ቤት የሚያወራ ሰው ነው። የቤቱን ጉድፍ ባይዘረዝር አልፈርድበትም።

በኋላ ታዋቂ የፈረንሳይ ደራሲ የሆነው ወጣቱ ሮማን ሮላን፣ በ1889 ፓሪስ በሚገኘው የሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቼንን ንግግር ሰምቶ ነበር። ከፈገግታውና ከምስጋናው በስተጀርባ ንቀት እንደተሰማው በማስታወሻው ጽፏል። እኔ በመጀመሪያው ንባቤ ይህን ፈጽሞ አላየሁም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ፉኮ ደ ሞንዲዮን የሚባል አብሮት የሠራ ፈረንሳዊ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት የጻፍኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ተነስቶበታል። ደነገጥኩ። ወረቀቴን ልተወው ሁሉ አሰብኩ። ግን ከጠቡ በኋላም መጻሕፍቱ አልቆሙም። በ1890 ስለ ቻይናውያን መዝናኛ፣ በ1891 ደግሞ ስለ ፓሪስ ሰዎች ራሳቸው ጻፈ። በቋንቋው እገዛ አግኝቶ ይሆናል። ሐሳቡ ግን የእሱ ነው እላለሁ።

አሥሩን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩ። መጻሕፍቱ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት በነጻ ይገኛሉ። ስለ ፓሪስ ሰዎች ከጻፈው ጀምሩ።