«እወድሻለሁ» ያለው ማን ነው?

ሰባተኛውን ምዕራፍ ትናንት ሌሊት ጨረስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አድሯል። ለመተኛት አልተመቸኝም፤ ለመጻፍ ግን ተመቸኝ።

ይህን ልብ ወለድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጆች የሚሆን፣ ገዳዩ ማን ነው እያለ የሚሄድ ታሪክ ነው። ቦታው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ዘመኑ 1933 ዓ.ም.። ጣሊያን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዓባይ ወርዷል። ከተማዋ ለጣሊያን አድረው በነበሩት በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ ናት። ጃንሆይ በመጋቢት መጨረሻ ሊገቡ ጥቂት ቀን ቀርቷል። ማን ባንዳ ነበር፣ ማን የውስጥ አርበኛ ነበር እየተባለ ሰው ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት ሰሞን ነው።

በዚያ ሰሞን የአርበኞች መልእክተኛ የነበረ ወጣት ተገድሎ ይገኛል። ኪሱ ውስጥ የማንም ስም የሌለበት ደብዳቤ አለ፦

«የሹሩባሽን መስመር ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ነው። ስትፈሪ ከግራ ጆሮሽ በላይ ያለውን ትነኪያለሽ። እወድሻለሁ።»

አገሩ ገዳዩን ለማውጣት ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ደብዳቤውን የጻፈው ሟቹ ነው ይባላል። እንግዲያው ገዳዩ የልጅቱ ባል ወይም ወንድም መሆን አለበት። ወንዶቹ በየተራ ይምላሉ። ሴቶቹን የጠየቀ የለም። ስድስት ምዕራፍ ሙሉ አንባቢም አብሯቸው ይሳሳታል። ልጁ ግን ደብዳቤውን ሊያደርስ ነበር እንጂ አልጻፈውም። የጻፈችው ሴት ናት።

ይህን ያገኘሁት በብልሃት አይደለም። አማርኛ ራሱ ሰጠኝ። «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል የምትወደደው ሴት መሆኗን ይናገራል። የሚወደው ወንድ ይሁን ሴት ግን አይናገርም። ሕይወቴን ሙሉ የተናገርኩት ቃል ነው፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ደብዳቤውን ስጽፍ ነው። እርሳሴን አስቀምጬ ግቢ ወጣሁ። ልቤ ይመታ ነበር።

ምስጢሩን የምትፈታው የቅኔ መምህር ልጅ ናት። ጎጃም ውስጥ ሴት ልጅ ቅኔ ታውቃለች ብሎ መጻፍ ተረት መፍጠር አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩት እዚሁ ጎጃም ነው። ቅኔ የቆጠረች ልጅ ሰሙን ሰምታ አትነሣም፤ ወርቁን ትፈልጋለች። አባቷ ለሸንጎው ያነበቡትን ደብዳቤ በሰባተኛው ምዕራፍ ሰርቃ ታነባለች። አንብባም እጇን ከግራ ጆሮዋ በላይ ትሰዳለች። ደብዳቤው ለእሷ ነበር።

ጻፊዋ ፈትል የምትፈትል ጓደኛዋ ናት። አምስቱን ዓመት በሙዳይ ሥር ወረቀት ደብቃ ለአርበኞች ስታቀብል የኖረች። ፊት ለፊት ሌላ፣ ውስጥ ሌላ ሆኖ መኖርን ቀድሞ ጦርነቱ አስተምሯታል።

ለሁለቱ ፍቅር ስም ፈልጌ ነበር። አማርኛ ያቀረበልኝ ወይ የፍርድ ቤት ቃል ነው፣ ወይ የእርግማን። ዛሬም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነው። ልጆቹ ግን ራሳቸውን በዚያ ቃል አይጠሩም። ስለዚህ እኔም አልጠራኋቸውም። «ሆዴ» ይባባላሉ፤ «ነፍሴ» ይባባላሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ይወርዳሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሴትና ሴት እንዲህ መባባሉ እኛ አገር የታወቀ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለጥምቀት ጸጉሬን የምትሠራልኝ ልጅ ነበረች። ጣቷ ቀስ ያለ ነበር። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «እወድሻለሁ እኮ» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ደወል ተደወለና ገባን። በምን ዓይነት እንዳለችው አልጠየቅኳትም። እኔም በምን ዓይነት እንደመለስኩላት ለራሴ እንኳ የነገርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አሁን ባሕር ዳር ናት፣ ልጆች አሏት።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ለአያቴ አነበብኩላቸው። እሳቸው የጣሊያንን ጊዜ የሚያውቁት እናታቸው ከነገሯቸው ነው፤ ግማሹን ታሪክ የወሰድኩትም ከእሳቸው ነው። ቡና እየቆሉ ነበር።

«እማማ፣ ይህን የጻፈው ማን ይመስልዎታል? እስኪ ይገምቱ።»

ቀና እንኳ አላሉም።

«ሴት ናት የጣፈችው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ወንድ ሹሩባ አይቶ ያምራል ይላል እንጂ መስመሩን አይቆጥርም። የሚቆጥር የሠራው ሰው ነው።»

ስድስት ምዕራፍ የደከምኩበትን በአንድ የቡና ቁሌት ፈቱት። ደነገጥኩ። ፈራሁም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ ስለማላውቅ። ምጣዱን አወረዱ፤ ጭሱን በእጃቸው ወደ እኔ ገፋ ገፋ አደረጉልኝ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመብኝ። ቡናው ተወቅጦ ጀበናው እሳት ላይ ሲጣድ ነው የተናገሩት።

«ለመሆኑ ደረሳት ወይ ደብዳቤው?»

«ደረሳት» አልኳቸው።

«እንዲያ ይሻላል» አሉና ሲኒ አቀርብ ዘንድ በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

ከሰዓት በኋላ ረቂቁን ገልጬ ያችን የሹሩባ መስመር ላወጣት አሰብኩ። እንደ አያቴ ያለ አንባቢ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይደርስባታል፤ ምስጢሩም ያልቃል። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመቷ የሆነ፣ የጓደኛዋን ሹሩባ እየሠራች መስመሩን በልቧ የምትቆጥር አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ከሁሉ ቀድማ የምትደርስበት እሷ ናት። መስመሯን ተውኳት።